ከማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት እስከ ፒኤች፦ ትስስርን፣ ሙሙትንና አሲድነትን በቤት ውስጥ ሙከራ የመረዳት ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ በማንቆርቆሪያ ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን ነጭና ሸካራ ቅርፊት የማያውቅ ቤተሰብ የለም። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ በአብዛኛው ከጉድጓድ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ መሬቱም የኖራ ድንጋይ የበዛበት በመሆኑ ውሃው ወደ ቧንቧ ከመድረሱ በፊት ከድንጋዩ ጥቂት በጥቂት እያሟማ ይዞ ይመጣል። ሐረርም ከቆላው ጉድጓዶች ወደ ደጋው የሚገፋ ውሃ ስለምትጠቀም ነገሩ ለእርሷም እንግዳ አይደለም። ይህ ቅርፊት እንዴት ውሃ ውስጥ ገባ፣ ለምን ሲፈላ ተለይቶ ወጣ፣ አቼቶ ሲፈስበትስ ለምን አረፋ እያወጣ ይጠፋል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በትክክል የመለሰ ተማሪ የመሠረታዊ ኬሚስትሪን ዋና ዋና ሐሳቦች ጨብጧል ማለት ይቻላል።

መመሪያው የተዘጋጀው ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸው፣ እንዲሁም የተሟላ ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ መምህራን ነው። ትስስር፣ ሙሙትና አሲድነት ብዙውን ጊዜ በተለያዩ ምዕራፎች፣ አንዳንዴም በተለያዩ ዓመታት ስለሚሰጡ ተማሪው ሦስት የማይገናኙ ነገሮች አድርጎ ይሸመድዳቸዋል። በእኔ እምነት ግን ሦስቱ የአንድ ጉዳይ ሦስት ገጾች ናቸው፦ ትስስር ቅንጣቶችን ምን እንደያዛቸው ይነግረናል፣ ሙሙት በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚለያዩ ያሳየናል፣ አሲድነት ደግሞ ከእነዚህ ቅንጣቶች አንዱ የሆነው የሃይድሮጅን አዮን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚሆነውን ይገልጻል። ስለዚህ ደረጃዎቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል እንዲሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ አራተኛው ደረጃ ያለ ሁለተኛው ከቀለም ጨዋታ የማያልፍ ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮችና ጥንቃቄ

አብዛኛው ዕቃ ከቤት ወይም ከገበያ ይገኛል። የገበታ ጨው፣ ስኳር፣ የምግብ ዘይት፣ ሎሚ፣ አቼቶ፣ እርጎ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ደረቅ የልብስ ሳሙና፣ የእንጨት አመድ፣ የተፈጨ እርድና ደረቅ ከርከዴ ያዘጋጁ። በድሬዳዋ ቀፊራ ወይም በሐረር ሸዋ በር ገበያ ሁመር (ኮምጣጣውን የታማሪንድ ፍሬ) ካገኙ እርሱንም ይጨምሩ፤ ጭማቂው በቤታችን የተለመደ ከመሆኑም በላይ ታርታሪክ አሲድ የበዛበት ጥሩ ናሙና ነው። ከፋርማሲ ጥቂት አልኮልና አንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ደግሞ ለቅብ የሚሸጥ ኖራ ይግዙ። ዲስቲልድ ውሃ ከባትሪ ቤት ሲገዙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደጋግመው ያንብቡ፤ በተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ የሚያቃጥል ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ለዚህ ሥራም ፈጽሞ አያስፈልግም።

ሁለት ክልከላዎችን በጥብቅ ይያዙ። አንደኛ፣ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በምንም ሁኔታ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። ሁለተኛ፣ ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌኑን ሊያሳውር ስለሚችል ኖራ በሚነካበት ጊዜ ሁሉ መነጽር ይደረግ፤ ልጆችም ብቻቸውን አይተዉ። ለሙከራ የዋለ ማንኛውም ነገር አይቀመስም።

ደረጃ 1፦ ጨውና ስኳር በእሳት ላይ

ጨውና ስኳር ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ጠጣር፣ ሁለቱም በውሃ የሚሟሙ ናቸው፤ ዓይን ብቻውን አይለያቸውም። በአሮጌ መጥበሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አድርገው በመጠነኛ እሳት ያሙቁት። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላው ይቀልጣል፣ ይቀላል፣ በመጨረሻም ይከስላል። መጥበሻውን አጽድተው በጨው ይድገሙት፤ ጨው ፍም የመሰለ እሳት ላይ እንኳ ቢቀመጥ ጥቂት ይንጣጣ እንጂ በቤት ምድጃ አይቀልጥም። ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ስኳር ግን በ186 ዲግሪ አካባቢ ይፈታል።

የልዩነቱ ምክንያት ትስስራቸው ነው። የጨው ስም ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ሶዲየም በውጭኛው ዛቢያው ላይ ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን ለክሎሪን ሲሰጥ ፖዘቲቭ ሙል ይኖረዋል፤ ክሎሪንም ተቀብሎ ኔጋቲቭ ይሆናል። ሙል የያዙት እነዚህ ቅንጣቶች አዮኖች ይባላሉ። በጨው እህል ውስጥ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በስድስት የክሎራይድ አዮኖች ተከብቧል፣ እያንዳንዱ የክሎራይድ አዮንም እንዲሁ በስድስት ሶዲየም፤ ስለዚህ በጨው ውስጥ «አንድ ሞለኪውል» ብሎ ለይቶ ማመልከት አይቻልም። በሁሉም አቅጣጫ የሚሳሳበውን ይህን ሰፊ ስብስብ ለማፍረስ ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልጋል። ይህ አዮናዊ ትስስር ነው።

ስኳር ግን የተሠራው በሞለኪውል ነው። በአንዱ የስኳር ሞለኪውል ውስጥ 12 የካርቦን፣ 22 የሃይድሮጅንና 11 የኦክስጅን አቶሞች ጥንድ ጥንድ ኤሌክትሮኖችን እየተጋሩ ተያይዘዋል። አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያቀረበው ይህ የመጋራት ሐሳብ ኮቫለንት ትስስርን የምንረዳበት መሠረት ሆኖ ዛሬም ያገለግላል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቱት ነገር አለ፦ ስኳር በትንሽ ሙቀት የሚቀልጠው ኮቫለንት ትስስር ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሲቀልጥ የሚላላው በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ ነው፤ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ትስስር መበጠስ ሲጀምር ግን ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታው ይለወጣል፣ የተገኘውም ነገር ከእንግዲህ ስኳር አይደለም። መጥበሻው ላይ መጀመሪያ ያዩት መፍሰስና ኋላ ያዩት መክሰል ሁለት የተለያዩ ክስተቶች መሆናቸውን በማስታወሻዎ ላይ ለይተው ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ አዮኖችን በመብራት መፈለግ

አዮኖች መኖራቸውን በዓይን አናይም፤ ኤሌክትሪክ ማስተላለፋቸው ግን ያጋልጣቸዋል። አራት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮችን በተከታታይ ያገናኙ፤ ድምሩ 6 ቮልት ይሆናል። ከአንዱ ጫፍ 220 ኦህም ሬዚስተር፣ ቀጥሎ ቀይ ኤልኢዲ መብራት፣ ከዚያም ሽቦ ያያይዙ። ከሌላኛው ጫፍ ሌላ ሽቦ ይውጣ። የሁለቱን ሽቦዎች ነፃ ጫፎች ከሁለቱም ወገን ከተቀረጸ እርሳስ ጋር ያያይዟቸው፤ የእርሳሱ እምብርት ግራፋይት ስለሆነ በጨው ውሃ አይዝግም። እነዚህን ክፍሎች የሬዲዮ ጠጋኝ ቤቶች በጥቂት ብር ይሸጣሉ፣ ከአሮጌ ዕቃም ነቅለው ይሰጣሉ። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ወገን መዞር አለበት፤ ካልበራ መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ። ይህ መሣሪያ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በምንም መንገድ አይገናኝም።

ሁለቱን እርሳሶች ሳይነካኩ በሚከተሉት ውስጥ በየተራ ለጥቂት ሰከንድ ይንከሩ፤ በየመሐሉም በዲስቲልድ ውሃ ያጥቧቸው፦ ደረቅ ጨው፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ በዲስቲልድ ውሃ የተበጠበጠ ስኳር፣ በዲስቲልድ ውሃ የተበጠበጠ ጨው፣ አቼቶ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ በመጨረሻም የቧንቧ ውሃ። ደረቅ ጨው አያበራም፤ አዮኖች ቢኖሩትም ከቦታቸው መንቀሳቀስ አይችሉም። የስኳር ውሃም አያበራም፤ የስኳር ሞለኪውሎች ውሃ ውስጥ ቢበታተኑም ሙል የላቸውም። የጨው ውሃ ደምቆ ያበራል። አቼቶና ሎሚ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ይህን ደብዛዛነት ያስታውሱት፣ በአምስተኛው ደረጃ ትልቅ ቁም ነገር ይወጣዋል። የቧንቧ ውሃችን ደግሞ ከዲስቲልድ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ጭላንጭል ያሳያል፤ ከድንጋዩ ይዞት የመጣውን የካልሲየምና የባይካርቦኔት አዮን የሚመሰክረው ይህ ጭላንጭል ነው። በጨው ውሃ ውስጥ ጥቂት ክሎሪን ስለሚፈጠር ሥራው መስኮት ተከፍቶ ይሠራ፤ እርሳሶቹም ውስጡ እንዲቆዩ አይደረግ።

ጨው በውሃ ውስጥ ለምን ይፈርሳል? የውሃ ሞለኪውል ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ከኦክስጅኑ ጋር የ104.5 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራሉ። ኦክስጅን የጋራ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ አጥብቆ ስለሚስብ የሞለኪውሉ አንድ ወገን ጥቂት ኔጋቲቭ፣ ሌላው ወገን ጥቂት ፖዘቲቭ ይሆናል። የውሃ ሞለኪውሎች ሶዲየምን በኦክስጅናቸው፣ ክሎራይድን በሃይድሮጅናቸው ከብበው ከጨው እህል ላይ አንድ በአንድ ያነሷቸዋል። ዘይት እንዲህ ያለ ሁለት ወገን ስለሌለው ጨው በዘይት ውስጥ ሳይሟማ ታች ይቀመጣል፤ በብርጭቆ ሞክረው ይዩት።

ደረጃ 3፦ ሙሙትን መለካት

የሚሟማው ነገር ሟሚ፣ የሚያሟማው አሟሚ፣ የሁለቱ ወጥ ድብልቅ ሙሙት ይባላል። ጥሩ ሙሙት ብርሃን ሲያልፍበት ንጹሕ ነው፣ በወረቀት ቢያጠሉት የሚቀር የለም፣ አስቀምጠውት ቢቆይ አይዘቅጥም። የበሶ ብጥብጥ በዚህ መለኪያ ሙሙት አይደለም፤ ሲቆይ ይዘቅጣልና።

በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨው በማንኪያ እየመዘኑ ይጨምሩ። በክፍል ሙቀት ወደ 36 ግራም ገደማ ሲደርስ የሚጨመረው ጨው ሳይሟማ ታች መቅረት ይጀምራል፤ ሙሙቱ ጠግቧል። ውሃውን ቢያፈሉት እንኳ የሚጨምረው ሦስት ግራም ያህል ብቻ ነው። በስኳር ሲደግሙት 200 ግራም ያህል ይገባል፤ ሲሞቅም እጅግ ይጨምራል። የጠገበውን የጨው ሙሙት በሰፊ ሳህን አድርገው በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ውሃው ሲተን ጨው በአራት ማዕዘን ቅርጽ ተመልሶ ይወጣል። ወደ ገበያችን የሚመጣው የአፍዴራ ጨውም የሚመረተው በዚሁ መንገድ፣ የሐይቁን ጨዋማ ውሃ በፀሐይ በማትነን ነው።

ቀጥሎ ተማሪን የሚያስቸግረው የሞል ጉዳይ ይመጣል። ሞል ቆጠራ ነው፤ አንድ ሞል ማለት 602,000 ቢሊዮን ቢሊዮን ቅንጣት ነው። የጨው አንድ ሞል 58.5 ግራም፣ የግሉኮስ አንድ ሞል 180 ግራም ይመዝናል። ግራም በማነጻጸር የማይታይ ነገር ሞል በማነጻጸር እንደሚገለጥ ለማሳየት ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚመክሩት ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ይይዛል። በግራም ሲታይ ግሉኮሱ ከጨው አምስት እጥፍ ይበልጣል። በሞል ግን እንዲህ ይሆናል፦ 13.5ን ለ180 ብናካፍል 0.075 ሞል ግሉኮስ እናገኛለን። 2.6ን ለ58.5 ብናካፍል 0.044 ሞል ሶዲየም ከጨው ይገኛል፤ ከሲትሬቱ ደግሞ 0.030 ሞል ገደማ ይጨመርበታል። ድምሩ 0.075 ነው ማለት ይቻላል። ሶዲየምና ግሉኮስ በሞል እኩል ናቸው!

ይህ እኩልነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የአንጀት ግድግዳ ግሉኮስንና ሶዲየምን አብሮ የሚያስገባ መንገድ አለው፤ ውሃም እነርሱን ተከትሎ ይገባል። በሙቀትና በተቅማጥ የደከመን ሕፃን የሚያተርፈው ይህ ምጣኔ ነው። ፓኬቱ በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ የሙሙቱ ጥንካሬ እጥፍ ይሆንና ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ሊስብ ይችላል፤ በሁለት ሊትር ከተበጠበጠ ደግሞ ጨውና ግሉኮሱ ከሚያስፈልገው በታች ይሆናሉ። «አንድ ሊትር» የሚለው ትእዛዝ የኬሚስትሪ ስሌት ውጤት መሆኑን ልጆች ቢያውቁ፣ በየቤቱ መለኪያው ይበልጥ በጥንቃቄ ይያዛል ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 4፦ አሲድንና ቤዝን በቀለም መለየት

ሻይ ውስጥ ሎሚ ሲጨመቅ ሻዩ የሚፈካው ለምን እንደሆነ ብዙዎች ሳይጠይቁ ያልፋሉ። አንዳንድ የተክል ቀለሞች አሲድና ቤዝ ሲነካቸው መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ሮበርት ቦይል ይህን ለመለያነት መጠቀምን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጽሑፍ አስተዋውቋል።

የእርድ ወረቀት እንዲህ ይዘጋጃል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሩብ ብርጭቆ አልኮል ይበጥብጡ፤ ከእሳት ይራቅ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢጫውን ፈሳሽ ከላይ አጥልለው ነጭ ወረቀት ይንከሩበትና ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ከዚያም በቀጫጭኑ ይቁረጡት። ውሃ ሳይሆን አልኮል የመረጥነው የእርድ ቀለም በውሃ እምብዛም ስለማይሟማ ነው፤ በሁለተኛው ደረጃ የተባለው የአሟሚና የሟሚ መስማማት እዚህም ይሠራል። ይህ ወረቀት በአሲድና በገለልተኛ ነገር ቢጫ ሆኖ ይቆያል፤ በቤዝ ግን ቡናማ ቀይ ይሆናል። ሳሙና፣ የአመድ ውሃና ኖራ ወዲያው ያቀሉታል። ቤኪንግ ሶዳ ደካማ ቤዝ በመሆኑ ለውጡ ስስ ነው።

ለአሲድ ወገን ከርከዴ ይሻላል። ጥቂት ከርከዴ በሞቀ ዲስቲልድ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ዘፍዝፈው ያጥሉት። በአሲድ ደማቅ ቀይ፣ አሲዱ ሲቀንስ ወይን ጠጅ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ከርከዴ ራሱ አሲድ ስላለው ብዙ ከጨመሩበት ናሙናውን ራሱን ያቀላዋል። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ናሙና ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ያድርጉ። ከርከዴውን በቧንቧ ውሃ ከዘፈዘፉት ደግሞ ቀለሙ የደበዘዘ ይሆናል፤ የውሃው ባይካርቦኔት ከአሲዱ ከፊሉን ይበላዋልና።

አሲዶቹን ይፈትኑ፦ ሎሚ፣ ሁመር፣ አቼቶ፣ እርጎ፣ የቦካ ሊጥ ላይ የቋጠረ ውሃ። እያንዳንዱ የየራሱ አሲድ አለው፦ ሎሚ ሲትሪክ፣ ሁመር ታርታሪክ፣ አቼቶ አሴቲክ፣ እርጎ ላክቲክ። የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ጨዎች በውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች እንደሚከፈሉ ተከራከረ፤ መምህራኑ ዝቅተኛ ማዕረግ ቢሰጡትም በ1903 በዚሁ ሐሳብ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በእርሱ አገላለጽ አሲድ ማለት በውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ፣ ቤዝ ማለት ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ነው። በ1923 ኬሚስቶቹ ብሮንስተድና ሎሪ፣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ ሐሳቡን አሰፉት፦ አሲድ የሃይድሮጅን አዮንን ሰጪ፣ ቤዝ ተቀባይ ነው። ለሚቀጥሉት ደረጃዎች የሚረዳን ይህ የሰጪና የተቀባይ አነጋገር ነው፤ ቤኪንግ ሶዳና የኖራ ድንጋይ ሃይድሮክሳይድ ሳይኖራቸው ለምን አሲድን እንደሚያከሽፉ የሚያስረዳው እርሱ ነውና።

ደረጃ 5፦ ፒኤች፣ ብርቱ አሲድና ደካማ አሲድ

የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤችን እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሃገን ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ ይሆናል። አንድ ቁጥር መውረድ ማለት የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን አሥር እጥፍ መጨመር ነው። ሎሚ ከ2 እስከ 2.5፣ እርጎ ከ4 እስከ 4.5፣ የዝናብ ውሃ 5.6፣ ወተት ከ6.5 በላይ፣ የቤኪንግ ሶዳ ሙሙት 8.3 አካባቢ፣ የጠገበ የኖራ ውሃ 12.4 ያህል ነው። እርጎ ከወተት ሲነጻጸር አንድ መቶ እጥፍ ያህል የሃይድሮጅን አዮን አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ አቼቶው ደብዛዛ ብርሃን እንመለስ። አምስት በመቶ የሆነ አቼቶ በአንድ ሊትር ውስጥ 0.83 ሞል አሴቲክ አሲድ ይይዛል፤ ቀላል መጠን አይደለም። ነገር ግን ከ200 ሞለኪውሎች አንዱ ያህል ብቻ ነው በማንኛውም ቅጽበት የሃይድሮጅን አዮኑን የለቀቀው። የቀሩት ሙል የሌላቸው ሞለኪውሎች እንደሆኑ ይቆያሉ፣ ስለዚህ መብራቱ ይደበዝዛል። ደካማ አሲድ ማለት ይህ ነው። ደካማነት ከመቅጠን ጋር መምታታት የለበትም፤ አቼቶ ወፍራም ሙሙት ሆኖ ሳለ ደካማ አሲድ ነው፤ በብዙ ውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ቀጭን ሙሙት ሆኖ ሳለ ብርቱ አሲድ ነው። አቼቶውን አሥር እጥፍ ቢያቀጥኑት ፒኤቹ ከ2.4 ወደ 2.9 ከፍ ይላል እንጂ አንድ ሙሉ ቁጥር አይጨምርም፤ ሲቀጥን ቀድሞ ያልተከፈሉት ሞለኪውሎች አንዳንዶቹ ይከፈላሉና።

ደረጃ 6፦ የኖራ ውሃ፣ የድንጋዩ ሙሉ ዑደት

ከሁሉም ሙከራዎች አስቀድሜ የማስቀምጠው ይህኛው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ኖራ በአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አማስለው፣ ክዳኑን ገጥመው ሌሊቱን ያሳድሩት። በማግስቱ ከላይ የጠራውን ፈሳሽ ሳይበጠብጡ ቀድተው በወፍራም ወረቀት ያጥሉት። ይህ የጠገበ የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ነው፤ በሊትር የሚሟማው ከ1.7 ግራም አይበልጥም። የእርድ ወረቀት ካላቀላ ኖራው አርጅቷል፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ወደ ድንጋይነት ተመልሷል ማለት ነውና ሌላ ይፈልጉ።

ትንሽ የኖራ ውሃ በብርጭቆ ቀድተው፣ በብዙ ዲስቲልድ ውሃ አቅጥነው በስትሮ በቀስታ ይንፉበት፤ በፍጹም ወደ ውስጥ አይሳብ። ፈሳሹ ወተት ይመስላል። ትንፋሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ የማይሟማ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ሠራ፦

ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ → ካልሲየም ካርቦኔት + ውሃ

የጀጎል ቤቶች የነጭ ቅብ ግድግዳ የሚጠነክረው በዚሁ ሂደት ነው፤ የተቀባው ኖራ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ድንጋይ ይሆናል።

አያቁሙ፣ መንፋትዎን ይቀጥሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ይተወዋል፤ ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ከቆይታ በኋላ ወተት መሳዩ ፈሳሽ መልሶ መጥራት ይጀምራል። ትርፉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ካርቦኒክ አሲድ ሠርቷል፤ አሲዱ ለካርቦኔቱ የሃይድሮጅን አዮን ይሰጠዋል፤ ካርቦኔቱም የሚሟማ ባይካርቦኔት ይሆናል፦

ካልሲየም ካርቦኔት + ካርቦን ዳይኦክሳይድ + ውሃ ⇌ ካልሲየም ባይካርቦኔት

ዝናብና በአፈር ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ድንጋዩን የሚያሟሟው እንዲህ ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻን የመሰሉ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተከፈቱ ዋሻዎችም የዚሁ የደካማ አሲድ የረጅም ዘመን ሥራ ናቸው። በብርጭቆዎ ውስጥ ያለው የጠራ ፈሳሽም በይዘቱ ከቧንቧችን ውሃ ጋር ይቀራረባል።

የጠራውን ፈሳሽ በትንሽ ድስት ያፍሉት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ቀስቱ ወደ ግራ ይዞራል፣ ነጩ ካርቦኔት እንደገና ይዘቅጣል። የማንቆርቆሪያው ቅርፊት በዓይንዎ ፊት ተሠራ። የሲሚንቶና የኖራ ምድጃዎች ደግሞ ዑደቱን ይዘጉታል፤ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል ከ100 ኪሎው 44ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ 56 ኪሎ ያልጠፋ ኖራ (ገና ውሃ ያልነካው ኖራ) ይቀራል።

ደረጃ 7፦ የውሃን ጥንካሬ በሳሙና ማወቅ

አጭር ሙከራ ነው። ደረቅ ሳሙና ፍቀው በሞቀ ዲስቲልድ ውሃ ያሟሙ። በሦስት ተመሳሳይ ጠርሙሶች እኩል መጠን ያለው ዲስቲልድ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ፣ እንዲሁም ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ የተጠለለ የቧንቧ ውሃ ያድርጉ። በእያንዳንዱ ላይ የሳሙናውን ውሃ በጠብታ እየጨመሩ ይነቅንቁ፤ ለአንድ ደቂቃ የሚቆይ አረፋ እስኪገኝ ስንት ጠብታ እንደፈጀ ይቁጠሩ። ካልሲየም ሳሙናውን ወደማይሟማ እድፍ ስለሚለውጠው ጠንካራ ውሃ ብዙ ሳሙና ይበላል። በቧንቧውና በፈላው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት በማፍላት የሚወገደው ጊዜያዊ ጥንካሬ ነው፤ በፈላውና በዲስቲልዱ መካከል የሚቀረው እንደ ሰልፌት ካሉ ጨዎች የሚመጣው ቋሚ ጥንካሬ ነው። የዱቄት ሳሙና ከካልሲየም ጋር እድፍ ስለማይሠራ ለዚህ አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ቅርፊቱን በስሌት ማንሳት

መጀመሪያ አንዲት የቅርፊት ፍርፋሪ አቼቶ ላይ ይጣሉ። የሚወጣውን ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ኖራ ውሃ ቢመሩት ያነጣዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመሆኑ ማስረጃው ይህ ነው።

ካልሲየም ካርቦኔት + 2 አሴቲክ አሲድ → ካልሲየም አሴቴት + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

የካልሲየም ካርቦኔት አንድ ሞል 100 ግራም፣ የአሴቲክ አሲድ 60 ግራም ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ 10 ግራም ቅርፊት ቢኖር 0.1 ሞል ነው፤ የሚያስፈልገው 0.2 ሞል አሲድ፣ ማለትም 12 ግራም ነው። አምስት በመቶ በሆነ አቼቶ ውስጥ ይህን ለማግኘት 240 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ጠርሙሱ ላይ አራት በመቶ ከተጻፈ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ብዙ ሰው አንድ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጨምሮ ቅርፊቱ አልለቅ ሲለው አቼቶው አይሠራም ይላል፤ ያነሰው ግን ሞሉ ነው።

ሎሚም ይሠራል፤ ነገር ግን ካልሲየም ሲትሬት በውሃ እምብዛም ስለማይሟማ ወፍራም ቅርፊት ላይ ነጭ ዝቃጭ ሊተው ይችላል። ስለዚህ ለከባድ ቅርፊት አቼቶን እመርጣለሁ። አቼቶውን ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው ሞቅ አድርገው፣ ሳያፈሉ፣ መስኮት ተከፍቶ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ሙቀት የቅንጣቶቹን ግጭት ስለሚያበዛ ሥራውን ያፋጥናል። ማንቆርቆሪያው አይከደን፤ ከ10 ግራም ቅርፊት ከ2.5 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። ዕቃው አሉሚኒየም ከሆነ አሲዱ ብረቱንም ስለሚነካ ከሃያ ደቂቃ በላይ አያቆዩት፤ ቅርፊቱ ካልለቀቀ ደፍተው በአዲስ አቼቶ ይድገሙት። አረፋ መውጣቱ ሲቆም ወይ ቅርፊቱ አልቋል ወይ አሲዱ አልቋል፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንዲት ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። አረፋ ካወጣ አሲድ ቀርቷል፣ የቀረው ነጭ ነገርም ካርቦኔት አይደለም፤ ካላወጣ አሲዱ ስላለቀ አዲስ አቼቶ ይጨምሩ። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ አንድ ጊዜ ውሃ አፍልተው ይድፉት፤ ከዚያ በኋላ ለሻይ ይጠቀሙበት።